የማርቆስ ዐፅም፣ የአሳማ ሥጋና 34 መልሶች

እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የከፈተው ጣሊያን የሚኖር ልጅ ነው። ሥራው ሚላን ነው፤ ሁለት ቀን እረፍት ሲያገኝ ቬኒስ ወረደ። የቅዱስ ማርቆስ ባሲሊካ ደጃፍ ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ፣ በግራ ጥግ ካለው በር በላይ ያለውን የወርቅ ሞዛይክ አንጋጦ ማየት ጀመረ። ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያስገቡ ያሳያል። አጠገቡ አንዲት አስጎብኚ ለቡድኗ ታስረዳለች፤ ጆሮውን ጣል አደረገ። አስከሬኑ የወንጌላዊው ማርቆስ ነው። የመጣውም ከእስክንድርያ ተሰርቆ ነው።

ልጁ የገረመው ስርቆቱ አይደለም። ሌባ የሰረቀውን ይደብቃል እንጂ በሩ ላይ በወርቅ ያስለዋል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነበር። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ከሥር አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት። አውሮፓ ውስጥ ያለ የቅዱሳን ዐፅም በሙሉ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ የውሸት ነው ብሎ ደመደመ።

እኔ እዚህ መድረክ ላይ ብዙም አልጽፍም፤ አነባለሁ። ይሄን ክር ግን ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያነበብኩት። 34 መልስ ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ለምን ይህን ቀድሜ እንደተናገርኩ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

1ኛውን መልስ የጻፈው ዲያቆን ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ እስከ መጨረሻም ከትሕትናው አልወጣም። የቅዱስ ዐፅም ከቦታ ቦታ መሄዱ በራሱ ነውር እንዳልሆነ አስታወሰ። እኛም ፍልሰተ ዐፅም የምንለው በዓል አለን፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን እናከብራለን። ስርቆቱን በተመለከተ ደግሞ የዚያ ዘመን ምዕራባውያን ያስቡ የነበረውን አስረዳ። ቅዱሱ ካልፈቀደ ማንም ከቦታው አያነቃንቀውም። ስለዚህ እጃችን ከገባ ራሱ መጥቷል ማለት ነው። ዲያቆኑ ሐሳቡን አልደገፈውም፣ አስረዳ እንጂ። ብዙ ሰው ግን ይህን ልዩነት ሳያይ ነው ያለፈው።

2ኛው መልስ ታሪኩን ከነቅመሙ አመጣው። ዘመኑ 828 ነው። ቡኦኖና ሩስቲኮ የሚባሉ ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች እስክንድርያ ወደብ ላይ ነበሩ። ትውፊቱ እንደሚለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂዎች ጋር ተነጋግረው የማርቆስን አስከሬን አወጡ፤ በምትኩ የቅድስት ክላውዲያን አስገቡበት። ከዚያ ቅርጫት ውስጥ አድርገው ላዩን በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት። የወደቡ ፈታሾች ክዳኑን ሲከፍቱ ኸንዚር፣ ኸንዚር እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ዞሩ። መርከቡ ሸራውን ዘርግቶ ሄደ።

ከዚህ በኋላ 3ኛውና 4ኛው መልስ ሳቅ ብቻ ናቸው። አንዷ በሻንጣዋ ቅቤውን ከበርበሬ ሥር ቀብራ እንዴት እንዳሳለፈች ተረከች፤ ፈታሹ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ሂጂ አላት። 5ኛው ከጅዳ የሚጽፍ የወሎ ልጅ ነው። ሙስሊም ነው፤ ነገሩን የተመለከተበት ጎን እኔን አስቆኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን በሥርዓት የሠራ ሰው ቢኖር ያ ፈታሽ ብቻ ነው ባይ ነው። የከፈተውን አየ፣ ሐራም ነው አለ፣ ሄደ። አልሰረቀ፣ ጉቦ አልበላ። ዲያቆኑም ሳይቀር ላይክ አደረገለት።

6ኛው መልስ ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰው። ቬኒስ ለምን ማርቆስን ፈለገች? ሰውየው አጠገቧ ስላለችው ስለ አኲሌያ ከተማ ጻፈ። አኲሌያ ያስተማረኝ ማርቆስ ነው ትል ነበር። በ827 ማንቱዋ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ለአኲሌያ ፈረደላት፤ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ከሥሯ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዓመቱ የማርቆስ አስከሬን ቬኒስ ከች አለ። አኲሌያ ተረቱን ብትይዝ ቬኒስ ሰውየውን ራሱን ይዛለች። ያን ጊዜ ከቢዛንታይን የተወረሰ ቴዎድሮስ የሚባል ጠባቂ ቅዱስ ነበራቸው፤ እሱን ገለል አድርገው ማርቆስን ከነአንበሳው አነገሡ። የልጁ ጥያቄ እዚህ ጋ መልስ አግኝቷል ባይ ነኝ። ሞዛይኩ የሌባ ኑዛዜ አይደለም፤ የርስት ካርታ ነው።

7ኛዋ ደግሞ ለምን ሁሉም ዐፅም ፈላጊ እንደሆነ በአራት መስመር ጨረሰችው። በ787 የተካሄደው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ያለ ሰማዕት ዐፅም ቤተ ክርስቲያን እንዳይባረክ ደነገገ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እየተሠራ ነው። ፈላጊው በዛ፣ ሰማዕት ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። ነጋዴም ሌባም ከዚህ ተወለደ። ዲያቆኑ በ8ኛው መልስ ተመልሶ መጣና እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ታቦቱ እንደሆነ አስታወሰ። ይህች አስተያየት ያን ጊዜ እንደዋዛ ታልፋ ነበር። በኋላ እሳት ሆና ተመልሳ መጣች።

9ኛው መልስ ላይ ድምፁ መሻከር ጀመረ። ጸሐፊው ስለ ምንም ነገር ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ የመድረኩ ነባሮች ያውቁታል። በ976 ቬኒስ ላይ ሁከት ተነስቶ ባሲሊካው ተቃጠለ። አስከሬኑ የት እንደገባ ጠፋ። በ1094 አዲሱ ሕንፃ ሲባረክ ማርቆስ ከአንድ ዓምድ ውስጥ ተገለጠ ተባለ። ሰውየው ሒሳቡን ሠራው፦ 118 ዓመት ጠፍቶ የተገኘ አስከሬን ማን ለይቶ ያውቀዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። አጻጻፉ ግን የሰው እናት የሚሳለሙትን ነገር እንደ ተረት መጽሐፍ የሚገላልጥ ነበር። ሰው ተቆጣ።

10ኛዋ ካይሮ ብዙ ዓመት የኖረች ናት። ግብፆች ይህን ጭቅጭቅ ከጥንት ጀምሮ በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል አለች። ቬኒስ የሄደው አካሉ ነው፤ ራሱ እስክንድርያ ቀርቷል ብለው ያምናሉ፤ ጥቅምት 30 ያከብሩታል። ራሱን ይዞ ሊሄድ የሞከረ መርከበኛ እንደነበረና ራሱ እስኪወርድ ድረስ መርከቧ ካለችበት ንቅንቅ አልል እንዳለች ይተረካል። 9ኛው ሰውዬ ወዲያው ተመልሶ ምን እንደጻፈ መገመት አያቅታችሁም።

ከ11 እስከ 13 ያለው የመስቀሉ ጨዋታ ነው። አንዱ በየአገሩ ያለው የመስቀል ፍንካች ቢሰበሰብ መርከብ ይሞላል የሚለውን የታወቀ ነገር ጣለ፤ የፕሮቴስታንቱ መሪ ካልቪን በ1543 የጻፈው ነው። 12ኛው አረመው። ሮዎ ደ ፍለሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1870 ያገኛቸውን ፍንካቾች በሙሉ በስፋትና በርዝመት ለክቶ ደመረ። መስቀሉ ሙሉውን 178 ሊትር ያህል መጠን ይኖረዋል ብሎ ገመተ። የተለኩት ፍንካቾች ተደምረው 4 ሊትር አልሞሉም። ጸሐፊው በእኛ ቋንቋ ተረጎመው፦ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አይሞላም። አዎ፣ የመጠኑ ማነስ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ይህንንም ራሱ ጽፏል። መርከቡን ግን አሰጠመው። 13ኛው ስለ ግሸን ማርያምና ስለ ግማደ መስቀሉ አነሳ። መስከረም 21 እግሩ እስኪያብጥ አምባውን የወጣበትን ቀን ተረከልን፤ ስለ ቬኒስ ግን አንድም ቃል የለውም።

እኔ የወደድኩት 14ኛውን ነው። የጻፈችው በጣሊያኗ ባሪ ከተማ አዛውንት የምታስታምም ሴት ናት። ባሪዎችም እንደ ቬኒሶች ናቸው። በ1087 መርከበኞቻቸው አሁን ቱርክ ውስጥ ወዳለችው ሚራ ድረስ ሄደው የቅዱስ ኒቆላዎስን ዐፅም ይዘው መጡ። እሷ የጻፈችው ግን ስለ መርከበኞቹ አይደለም። በየዓመቱ ግንቦት ወር፣ በፈረንጁ 9 ቀን፣ ካህናቱ ከመቃብሩ ውስጥ ንጹሕ ውኃ የመሰለ ነገር ይቀዳሉ። መና ይሉታል። በሌላ ውኃ በርዘው በትንንሽ ጠርሙስ ለተሳላሚ ይሰጣል። የምታስታምማቸው አሮጊት አንዱን ጠርሙስ ሰጧት። በሰው እጅ አዲስ አበባ ላከችው። እናቷ ተቀብለው ካቶሊክ ነው ኦርቶዶክስ ነው ብለው አልጠየቁም። የጸበል ሃይላንዳቸውን ክዳን ከፍተው ጠብ ጠብ አደረጉበት። ባዶው ጠርሙስ አሁንም ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከፕላስቲክ አበባው ጎን ቆሟል። ፎቶውን ለጥፋለች፤ ጠርሙሱ ላይ ጳጳሱ ኒቆላዎስ ተስለዋል፣ ቀለማቸው በአንድ በኩል ለቋል።

15ኛው መልስ ጨካኝ ነበር። የሌላ ሃይማኖት ነገር ቤት አታስገቢ፣ እናትሽንም ንስሐ አስገቢ ዓይነት። ዲያቆኑ በ16ኛው ገላገላት። ኒቆላዎስ በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 የሚታሰብ አባት ነው፤ የእነሱ ብቻ አይደለም አለ። እህቴ፣ እናትሽን ሳሚልኝ ብሎ ዘጋው። ይህን ሰውዬ አንድ ቀን በአካል ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

17ኛው ማስረጃ ፈላጊያችን ነው፤ ይገርማል፣ በዚህኛው ከሴትየዋ ጎን ቆመ። ባሪዎች ቸኩለው ትልልቁን አጥንት ወስደው ነበር። ከመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ጋር የወጡ ቬኒሶች ደግሞ የቀረውን ስብርባሪ ለቀሙት። ሁለቱም ከተሞች ለዘመናት ኒቆላዎስ እኛ ጋ ነው ሲሉ ኖሩ። በ1950ዎቹ ሉዊጂ ማርቲኖ የሚባሉ የሰውነት አካል ፕሮፌሰር የባሪውን መረመሩ። በ1992 የቬኒሱ ሲታይ ስብርባሪው የባሪው አጥንት ጎደሎ ሆኖ ተገኘ፤ የአንድ ሰው ናቸው ተባለ። የማን ናቸው የሚለውን ምርመራው አይናገርም። ግን ሁለቱ ሌቦች ከአንድ መቃብር መስረቃቸው ተረጋገጠ ብሎ ጻፈ። ለእሱ ይህ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

ከ18 እስከ 21 ብዙም አልቆይም። ጴንጤና ኦርቶዶክስ ተያያዙ። ፍሬ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሉተር የነበረበት የቪተንበርግ መስፍን ፍሬድሪክ በ1520 19,013 ቅርሶች ነበሩት፤ ለእያንዳንዱ የኃጢአት ስርየት ዓመታት ተቆጥረውለት ነበር። ተሐድሶው ሲመጣ ስብስቡ ተበተነ፤ ወርቅና ብሩ ቀለጠ። ሌላው ስድብ ነው። አወያዩ ሁለት መልስ ሰርዞ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፤ ስለዚህ 19ና 20 አሁን ባዶ ናቸው።

22ኛው ወደ ፓሪስ ወሰደን። የቁስጥንጥንያው የላቲን ንጉሥ ባልድዊን 2ኛ ገንዘብ አጥቶ የእሾህ አክሊሉን ለቬኒስ ነጋዴ በመያዣ አስቀምጦት ነበር። አዎ፣ ሰው ቤቱን እንደሚያስይዘው። የፈረንሳዩ ሉዊ 9ኛ ዕዳውን ከፍሎ ወሰደው፤ በ1239 በባዶ እግሩ ሄዶ ተቀበለው። 135,000 ሊቭር ወጥቶበታል ይባላል። እሱን ለማኖር የተሠራው ሴንት ሻፔል 40,000 ነው የፈጀው። ዕቃው ከቤቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ተወደደ። 23ኛዋ ቀጠለች። አብዮቱ መጣና አክሊሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ በ1806 ኖትር ዳም ተቀመጠ። ሚያዝያ 2019 ጣሪያው ሲነድ ከእሳቱ አወጡት። በታኅሣሥ 2024 ወደ ቤቱ ተመለሰ። እሷ ያን ዕለት ማታ ሴን ወንዝ ዳር ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ሲዘምር ዜማውን ስለማታውቀው አቡነ ዘበሰማያት ደገመች።

24ኛው መልስ ልጁን ወደ ሞዛይኩ መለሰው። ሥዕሉን ልብ ብለህ እየው አለው። የባሲሊካው ፊት ሲሳል ከበሩ በላይ አራት የፈረስ ሐውልቶች አሉ። እነሱም የስርቆት ናቸው። በ1204 የመስቀል ጦረኞቹ ክርስቲያኗን ቁስጥንጥንያ ሲዘርፉ የመጡ ናቸው፤ ያን ጊዜ የተጋዘው ዐፅምና ፍንካች ደግሞ ለቁጥር ያዳግታል። በ1797 ናፖሊዮን ፈረሶቹን ከቬኒስ ወደ ፓሪስ ነዳቸው። ቬኒሶች ተዘረፍን ብለው ጮኹ፤ በ1815 ተመለሱላቸው። ቁስጥንጥንያ ግን አልተመለሱም። አሁን ውጭ ያሉት ቅጂ ናቸው፤ ዋነኞቹ ውስጥ ናቸው።

ከዚህ በኋላ መቅደላ መምጣቷ አይቀርም ነበር። 25ኛው ተቆጥቶ ነው የገባው። ስለ ፈረንጅ አጥንት 24 መልስ ስትጽፉ የራሳችሁን ረሳችሁ አለ። በ1868 አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው። 26ኛው አስራ አንድ ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ እንዳሉ አከለ፤ ተሸፍነው ተቀምጠዋል፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም ገብተው አያዩአቸውም። ማንም ካላያቸው ለምን ያስቀምጧቸዋል? ብዙ ሰው የጠየቀውን ነው የጠየቀው፤ መልስ የሰጠው የለም። 27ኛው አቅጣጫ አስለወጠ፤ ታቦት ዐፅም አይደለም፣ ክሩ ስለ ዐፅም ነው፣ ሌላ ክር ክፈቱ። የተነሳበትን ማዕበል ተዉት። ዲያቆኑ 8ኛውን መልሱን ጠቅሶ ነገሩ ለምን እንደሚገናኝ አሳየ። እነሱ ዘንድ መሠዊያው ሥር ዐፅም አለ፣ እኛ ዘንድ መንበሩ ላይ ታቦት። የተነጠቀ ሰው ቁስሉ አንድ ነው። ደግሞም የሚመለስ ነገር እንዳለ አነሳ። ኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቁም ሣጥን ተከፍቶ ታቦት ተገኘ፤ በ2002 በራሳቸው ፈቃድ መለሱት።

29ኛው መልስ ለእኔ የክሩ ልብ ነው። ማርቆስም ተመልሷል፣ ከፊሉ። በሰኔ 1968 ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ ከቬኒሱ ዐፅም ከፍለው ለግብፁ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ ሰጡ። በ828 በቅርጫት የወጣው በአውሮፕላን ተመለሰ። ካይሮ ዓባሲያ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ገማል አብደል ናስር ነበሩ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ነበሩ። የእኛ ንጉሥ እዚያ የተገኙት ለወግ ብቻ አልነበረም። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚላክልን ከማርቆስ መንበር ነው፤ የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመው በ1959 ነው። ከማርቆስ መመለስ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1964፣ የእንድርያስ ራስ ለግሪኳ ፓትራስ ተመልሶ ነበር። በ2004 የዮሐንስ አፈወርቅና የጎርጎርዮስ ዐፅም ወደ ኢስታንቡል ሄደ።

እና ይህን ሁሉ ጽፎ ሲጨርስ ምን ሆነ መሰላችሁ? 30ኛው ሰው ተሳስተሃል፣ በ1960 ነው አለ። አያቱ የጋዜጣ ቁራጭ እንዳስቀመጡና ሰኔ 1960 እንደሚል በዓይኑ አይቷል። 31ኛው 1968 ነው አለ፣ ዊኪፔዲያ ለጠፈ። 30ኛው አያቴን ውሸታም አልክ ብሎ ተነሳ። ከዚያው መልስ ሥር አምስት ሰው ገባበት። አወያዩ በ32ኛው አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ እንደሆነ ጻፈ። ዝም አሉ። አያትየው ትክክል ነበሩ። የቁራጩን ፎቶ እንዲለጥፍ ለመኑት፤ ለጠፈው። ወረቀቱ እንደ ሻይ ቀልሟል፤ ጃንሆይ ከካህናቱ መሐል አጠር ብለው ይታያሉ፣ የማጠፊያው መስመር በደረታቸው ላይ አልፏል።

33ኛው ቬኒስ ውስጥ ርካሽ ማደሪያ የት አለ የሚል ነው። ለዚህም መልስ የሰጠው የለም።

34ኛው ልጁ ራሱ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሁሉ የውሸት ነው ያልኩትን አንስቻለሁ፣ የተሰረቀ ነው ያልኩትን ግን አላነሳም አለ። በሌላ ቅዳሜ ቬኒስ ተመልሶ ሄዷል። የአሳማውን ሥዕል ሲፈልግ በቀኝ ጥግ ባለው በር ላይ አገኘው፤ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። ጥምጥም ያሰሩት ፈታሾች ፊታቸውን አኮሳትረው ዘወር ሲሉ ያሳያል። ለወሎው ልጅ ብሎ አንስቶ ለጠፈለት። ከዚያ ባሪ ላለችው ሴት አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ በግንቦት ልምጣ ብል ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ታስቀምጪልኛለሽ ወይ? ትናንት ማታ ሳየው ገና አልመለሰችለትም ነበር።